መጨረሻ የመጣ

ኦትሶ አዲስ ፍቅረኛ መያዙን ሰምቼ ነበር። እኔና እሱ አራት መስከረም በተከታታይ ወዳደርንባት የሰሜን ፊንላንድ፣ የላፕላንድ ጎጆ ይዟት ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጎጆዋ የመንግሥት ናት። ቁልፍም ኪራይም የላትም፤ በእግሩ የደረሰ ሁሉ ይገባል። ሕጓ አንድ ነው፦ ከሁሉ በላይ መብት ያለው መጨረሻ የመጣው ነው። ቀድሞ የገባው ሞቆታል፣ ልብሱንም አድርቋል፤ ቦታ ከጠበበ የሚወጣው እሱ ነው።

በሩን ስከፍት ሁለቱ ምድጃው ላይ ቋሊማ ይጠብሳሉ። ልጅቷ ሳይሚ ትባላለች። ካልሲዎቿን የሰቀለችው እኔ ሁልጊዜ በምሰቅልበት ሚስማር ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ የእንግዳ መዝገቡ ተከፍቷል፤ «በጎጇችን ሁለተኛ ቀናችን» ይላል። ኦትሶ እንዲህ ያለ ክብ ፊደል አይጽፍም።

ጎጇችን።

የሳንቃው መደብ ስድስት ሰው ያስተኛል። ቦታ አልጠበበም፤ እኔ ግን ጠቧል አልኩ። እነሱ ሁለት ቀን መቆየታቸውን፣ እኔ ገና መድረሴን፣ ደጅ ላይም ድንኳናቸውን ማየቴን ነገርኳቸው። ኦትሶ ሕግ ትዝ የሚለኝ ሲመቸኝ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳኝ ጀመረ።

«ተዋት» አለችው ሳይሚ፣ ካልሲዋን እያወረደች። «ልክ ናት። መጨረሻ የመጣችው እሷ ናት።»

ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ወጪ ለገቢ እንደሚያደርገው ማቀጣጠያ እንጨት ፈልጣ ምድጃው አጠገብ ደረደረችልኝ። ያም አናደደኝ።

ካልሲዬን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ዕቃዬን ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረገፍኩ። አንድ ሰዓት ያህል ጎጆዋ የኔ ሆነች። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ በሩም ተንኳኳ። የዚህን ጎጆ በር ማንም አያንኳኳም።

ሳይሚ ናት፤ ውሃ ታንጠባጥባለች። ኦትሶ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመቤቴ» አለችኝ። «ከሩቅ አገር ነው የመጣነው፤ ከዚያ ከዛፉ ሥር። እንግዲህ መጨረሻ የመጣነው እኛ ነን።»

ኦትሶ ሳቁን በእጅጌው ሸፈነ። ከኔ ጋር ሳለ እንዲህ ሲስቅ አላስታውስም።

የሚረዳኝ ደንብ ተጽፎ እንደሆነ ብዬ መዝገቡን ወደኋላ ገለጥኩ። ያገኘሁት የዛሬ አራት ዓመት መስከረምን ነው፦ «ጎጇችን ገባን»። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ከሱ በላይ አንድ የማላውቀው ሰው ያንኑ ቃል ጽፏል።

መዝገቡን ዘግቼ ዕቃዬን ወደ ጥግ ሰበሰብኩ። ካልሲዬን ግን ከሚስማሩ አላወረድኩም።