የእድላዊት ስም እንዳይጻፍ

እትዬ ዙፋን በነጻ የሚሰጥ ነገር ይፈራሉ። ሳሙና በነጻ ሲታደል በጓሮ ዞረው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል «ይቅመሱልን» ተብለው የተሰጣቸውን ብስኩት በመሐረብ ቋጥረው ወሰዱና መስኮት ላይ አስቀመጡት። ጉንዳን በልቶት፣ ጉንዳኑም በማግስቱ በሰላም ወደ ሥራው ሲሄድ ካዩ በኋላ ነው የቀመሱት። መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ዋቁማ ብድግ ብለው፣ «አንድ አገር አቀፍ ድርጅት ለተማሪዎች ጤና የሚውል ፈንድ አግኝቶ ወደ እኛ ሊመጣ ነው፤ ሁሉም ነገር በነጻ ነው» ሲሉ ወላጁ በሙሉ ሲያጨበጭብ፣ እትዬ ዙፋን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«መጀመሪያ የዓይን ምርመራ ይደረጋል» ቀጠሉ ኦቦ ዋቁማ። «ችግር ያለበት ልጅ ስሙ ይጻፋል። በድርጅቱ መኪና ወደ ዓይን ክፍል ይወሰዳል። መነጽር ይታዘዝለታል።»

ስሙ ይጻፋል። በመኪና ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የተባለውን እትዬ ዙፋን አልሰሙትም።

ፍርሃቱን ደግሞ ከሜዳ አላነሱትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ወሎ ውስጥ፣ ዙፋን የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች «ዱቄት በነጻ ይሰጣል፤ ስም የሚጻፈው ገበያው ላይ ነው» ተባለ። እናቷን «አሁን መጣሁ» ብላ ባዶ ስልቻ በብብቷ ሸጉጣ ሄደች። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ስሟን ጠየቃትና ጻፈ። እዚያ ቁሚ አላት፤ ቆመች። እዚህ ላይ ውጪ አላት፤ ወጣች። የወጣችው አውቶቡስ ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ ኢሉባቦር ጫካ መሐል አወረዷት። ዱቄቱን እዚያ ሰጧት። «አሁን መጣሁ» ካለቻት እናቷ ቤት የተመለሰችው በዘጠነኛው ዓመት፣ ለተዝካር ነው።

ከዚያ ወዲህ ክፉ አልገጠማቸውም። አገሩ ዝናብ የማያጣው፣ ሰዉም ደግ ነው። አገቡ፣ ወለዱ፣ ማታ ማታ እየተማሩ ስድስተኛን ጨረሱ፤ ሲናደዱም በኦሮምኛ መናደድ ቻሉ። ግን እስክሪብቶ ይዞ «ስምዎ ማን ነው?» የሚል ሰው ሲመጣ በጓሮ በር ይወጣሉ።

አሁን ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ያለችው እድላዊት ናት፤ የልጃቸው የመሰረት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሦስተኛ ክፍል። መሰረት ጋምቤላ ሥራ ይዛ ስትሄድ «እማ፣ አደራ» ብላ የሰጠቻቸው ናት። አደራ ደግሞ ከራስ ልጅ ይከብዳል፤ የራስን ልጅ ዝንብ ቢያርፍበት እሽ ይሉታል፣ አደራን ግን ዝንቡ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አያድሩም።

ይህች አደራ ደብተሯን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምታነበው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ጋሽ ካሚል ሱቃቸው በር ላይ የሰቀሉትን ለሽያጭ የቀረበ ጃኬት «ጋሽ ካሚል፣ እንደምን አደሩ?» ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። ጃኬቱ ዝም ይላል። «ጋሽ ካሚል ኮርተዋል» ብላ «እማዬ» በምትላቸው አያቷ ዘንድ ስሞታ ታቀርባለች። እትዬ ዙፋንም «ልጄ ጨዋ ስለሆነች ነው፤ ሰው ፊት ላይ አታፈጥም» ይላሉ።

ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ ወደዚሁ ሱቅ ሄዱ። ጋሽ ካሚል በዚያ በሰባ ሰባቱ አውቶቡስ ከጎናቸው ተቀምጠው የመጡ የአገር ልጅ ናቸው።

«ካሚል፣ ስም ሊጽፉ ነው።»

«የማንን?»

«የልጆቹን። በመኪና ይወስዷቸዋል።»

«ወዴት?»

«ወደ ዓይን ክፍል ነው ይላሉ።»

«የዓይን ክፍልማ እዚሁ ከገበያው በላይ ነው። በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

«ለእኛስ ያኔ ምን ብለውን ነበር?»

ጋሽ ካሚል ስኳር መመዘናቸውን አቆሙ። «እኔን ብርድ ልብስ እንሰጥሃለን ነው ያሉኝ» አሉ። «ብርድ ልብሱን ግን ሰጥተውኛል። በዚህ አልማቸውም።»

«አንተማ በብርድ ልብስ የተነዳህ።»

«አንቺ በዱቄት የተነዳሽ። ብቻ ስሚኝ ዙፋን፣ በአንቺ ፍርሃት ይህችን ልጅ አትጉጂያት። ባለፈው ሳምንት ጃኬቱን ሸጥኩት። በማግስቱ መጥታ 'ጋሽ ካሚል የት ሄደው ነው?' ብላ የጠየቀችው እኔኑ ነው።»

«ስትቀልድብህ ነው።»

«እኔ ግን ሳልቀልድ ነው የምነግርሽ።»

እትዬ ዙፋን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። እንቅልፍ አጥተው አደሩና አንድ ዘዴ አገኙ። ልጅቷ ምርመራውን ካለፈች ስሟ አይጻፍም። ስሟ ካልተጻፈ መኪና የለም። ፈተና ደግሞ በጥናት ይታለፋል፤ እሳቸው ራሳቸው ስድስተኛን ያለፉት በሽምደዳ አይደል?

የወላጆች ኮሚቴ አባል ስለሆኑ በማግስቱ ኦቦ ዋቁማ ቢሮ ሲገቡ ማንም አልከለከላቸውም። የዓይን መመርመሪያው ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊደል የለበትም፤ ያለው ባለ ሦስት ጣት መንሽ የመሰለ ምልክት ነው፤ አንዱ ጣቶቹን ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ዘርግቷል። ከላይ ትልልቅ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ የጤፍ ቅንጣት ያክላል። ተመርማሪው የመንሹ ጣት ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል።

«ምን እየጻፉ ነው፣ አዴ ዙፋን?» አሉ ኦቦ ዋቁማ ከወረቀታቸው ቀና ብለው።

«ለኮሚቴው ማስታወሻ ነው።»

ኦቦ ዋቁማ የራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው። «ፈንዱ የሚመደበው በተገኘው ችግር ልክ ነው» አሉ። «ወደ ኡካ መንገድ ያለው ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጅ ዓይኑ ደክሞ ተገኝቶ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ታንከር ሁሉ ተጨመረለት። የእኛ ልጆች ደግሞ ከዚህ ቆመው ሶር ፏፏቴን የሚያዩ ናቸው። በሽተኛ አጥተን እንዳንቀር ነው የምሰጋው።»

«ምን ይደረጋል» አሉ እትዬ ዙፋን፣ የመጨረሻዋን ረድፍ እየገለበጡ።

ሦስት ቀን በቆሎ እየፈለፈሉ አስጠኗት። እሳቸው ዜማ ሲያወጡ ልጅቷ ትቀበላለች፤ «ቀኝ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ።» በእጇም ታሳያለች። በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ የማትሳሳት ሆነች። እትዬ ዙፋን ተደስተው ሙሉ እንቁላል ሰጧት።

በምርመራው ቀን የድርጅቱ ሠራተኛ ሰኚ መጣች። የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች። እትዬ ዙፋን መጀመሪያ ያዩት ግን እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ነው። ኮሚቴ ነኝ ብለው በሩ ሥር ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ያለ እንከን አለፉ። በእያንዳንዱ ጤነኛ ልጅ ኦቦ ዋቁማ ትከሻቸው ዝቅ ይላል። የእድላዊት ተራ ደረሰ። መስመሩ ላይ ቆመች። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ሰኚ መጠቆሚያው ከእጇ አመለጣትና ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ቀኝ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ግራ» አለች እድላዊት ጮክ ብላ፤ «ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ።» እስከ ጤፏ ረድፍ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ወረደችው።

ሰኚ ከወለሉ ቀና አለች። «የኔ ቆንጆ፣ እኔ እኮ ገና አልጠቆምኩም።»

«አውቀዋለሁ።»

ሰኚ ሄዳ ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ገለበጠችው። «አሁንስ?»

እድላዊት ያንኑ ዜማ ከነእጇ ደገመችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዙፋን ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ተከሉ።

«በሌላኛው ዓይንሽ እንሞክር» አለች ሰኚ።

«የዚያኛው ዓይን አልተጠናም» አለች እድላዊት በቅንነት። «እማዬ ስለሱ ምንም አልነገረችኝም።»

ሰኚ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ልጅቷን ወደ ሰንጠረዡ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያቀረበች ጠየቀቻት። እድላዊት ትልቁን መንሽ በትክክል ያሳየችው ክንድ የሚያህል ርቀት ሲቀራት ነው።

«ተገኘች?» አሉ ኦቦ ዋቁማ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ፊታቸው ሊበራ ሲል እትዬ ዙፋንን አዩና መልሰው አጨለሙት። «በጣም ያሳዝናል» አሉ።

ሰኚ እትዬ ዙፋን አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አዴ ዙፋን፣ ሰሌዳው ለልጅቷ ጥቁር ግድግዳ ነው። እስካሁን እንዴት እንደተማረች ይገርመኛል።»

«መምህራችን ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት» አለች እድላዊት። «የቀረውን ከጓደኛዬ እገለብጣለሁ።»

እትዬ ዙፋን ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ መስሎኝ።»

ሰኚ ወረቀቷን አወጣች። የእድላዊት ስም ካልተጻፈና አሳዳጊዋ ካልፈረመች መነጽር እንደማይታዘዝ አስረዳች፤ መኪናው እዚህ ትምህርት ቤት የሚመጣውም ዛሬ ብቻ ነው።

«እኔ አልፈርምም» አሉ እትዬ ዙፋን። ቀጥለውም የሰባ ሰባቱን ነገር፣ ስልቻውን፣ ባርኔጣውን፣ እናታቸውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገሯት።

ሰኚ አልሳቀችም። «ሂንሶዳቲና፣ አይፍሩ አልልዎትም» አለች። «እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን እርስዎም አብረው መኪናው ውስጥ ይግቡ። ፊርማውን እዚያ ደርሰው፣ አይተው ይወስኑ።»

እትዬ ዙፋን «ጠብቂኝ» ብለው እየሮጡ ወደ ቤት ሄዱ።

ሲመለሱ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ነበር፤ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ቁና በሶ፣ ድስት፣ የልጅቷ ሦስት ሹራብ፣ ጨው፣ ክብሪትና አንድ መጥረቢያ።

«መጥረቢያው ለምን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ጫካ ውስጥ ብታወርደንስ? ያለፈው ጊዜ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት።»

ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አያቸውና ፊቱ ለስለስ አለ። መጥረቢያውን ተቀብሎ በጥንቃቄ ከኋላ አስቀመጠ። ክንዳቸውን ይዞ ደግፎ አስገባቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ ዙፋን መጥረቢያው ወዳለበት ዘወር ብለው አዩ። የመጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እድላዊትን እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው፣ በእግር ለመመለስ እንዲመች እያንዳንዷን መታጠፊያ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሁለት ላይ ሲደርሱ መኪናው ቆመ።

«ምን ተበላሸ?»

«ደርሰናል» አለች ሰኚ።

እውነትም የዓይን ክፍሉ ነበር። ከበሩ ላይ የጋሽ ካሚል ሱቅ ቆርቆሮ ይታያል። እትዬ ዙፋን ግን ግድግዳ ተደግፈው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ በሩን ማየት ከሚቻልበት ቦታ ተቀመጡ። ባለሙያው እድላዊትን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከባድ የብረት መነጽር አፍንጫዋ ላይ አደረገላትና መስታወት ይቀያይርላት ጀመር። ይሻላል? አይሻልም። ይህስ? ትንሽ። ይህስ?

እድላዊት ጣሪያውን አየች። የገዛ ጣቶቿን አየች። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል፣ በረጅሙ ኮሪደር አሻግራ አያቷን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ማን ሞቶብን ነው?»

«ምን?»

«ነጠላሽን ለምን ዘቅዝቀሽ ለበስሽው?»

እትዬ ዙፋን ጎንበስ ብለው አዩ። እውነትም ጥለቱ አንገታቸው ሥር ወጥቶ፣ ነጠላው ለለቅሶ እንደሚለበሰው ተዘቅዝቋል። በጥድፊያ ሲለብሱ አላስተዋሉትም። ሾፌሩ ራሱን ያዘ። «እኔ እኮ ሐዘን ላይ ያሉ መስሎኝ ነው» አለ። ሰኚም አፏን በወረቀቱ ሸፈነች። «እኔም አይቼ ዝም አልኩ» አለች፤ «ሰው የሞተባቸውን እንዴት እጠይቃለሁ ብዬ።»

እትዬ ዙፋን ነጠላውን አውልቀው አስተካክለው ለበሱ። ኮሪደሩን በዓይናቸው ለኩት። ትናንት ልጅቷ በዚህ ርቀት ብትሆን ሰው ይሁኑ ጃኬት አትለይም ነበር።

«ከዚያ ሆና ጥለት አየች» አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ ሰኚን ጠሩና ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ፤ በአውራ ጣት ሳይሆን በስድስተኛ ክፍል እጅ ጽሑፍ፣ ሙሉ ስማቸውን። ወረቀቱን ሲመልሱ ግን ለቀቅ አላደረጉትም።

«ስሟን በደንብ ጽፈሻል?»

«ኤዬ፣ ጽፌያለሁ።»

«ይህን ያህል ልጅ አለ። ስሟ ከሌላ ልጅ ስም ጋር ቢምታታና መነጽሯ ለሌላ ቢሄድስ?»

«አይምታታም፣ አዴ ዙፋን።»

«ወረቀቱስ ዝናብ ቢያገኘው? ሌላም ቦታ ላይ ጻፊው። የአባቷንም ጨምሪ። የአያቷንም።»

ሰኚ በሁለት ወረቀት ጻፈችው። እትዬ ዙፋን ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው ቆመው፣ ሦስት ጊዜ አስነበቧት።