ለከተራ የተነቀሉት ችካሎች

«ችካሎቹን የነቀላቸው ማን ነው?»

ሸጌ ይህን ጥያቄ የሰማችው ውኃ የሞላ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የቤተ ክርስቲያኑን አቀበት ስትጨርስ ነው። ጠያቂው ከሰቆጣ የመጣው ቀያሽ ምንዋጋው ነበር። በታኅሣሥ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጥቶ፣ ከታች ከወንዙ ጀምሮ እስከ ጤና ኬላው ድረስ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተክሎ ሄዶ ነበር። አሁን በየካቲት ሲመለስ አንዱንም አላገኘም። ቆቡን አውልቆ ላቡን እየጠረገ፣ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ ከወይራው ጥላ ሥር የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ያያል።

ሸጌ ጀሪካኑን ከካቡ ላይ አሳርፋ ገመዱን ከደረቷ ፈታች።

«እኛ ነና» አለች።

«እርስዎ?»

«እኔም፣ እነሱም። ለከተራ ጊዜ።» በአገጯ ሴቶቹን አመለከተች።

ሊቀ መንበሩ ደግሰው ዐይኑን አጉረጠረጠባት። «እት ሸጌ፣ ቆይ እንጂ! በወግ በወጉ እንነጋገር።»

«በወግ ከሆነማ» አለ ምንዋጋው፣ «ሕዝቡ ችካል የነቀለበት መሥመር ውዝግብ ያለበት ተብሎ ይያዛል። መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው። ውዝግብ ያለበት ደግሞ ይቆያል፤ በጀቱም ወደ ሌላ ቀበሌ ይዞራል። መንገዱን አንፈልግም ካላችሁ ንገሩኝና ልሂድ።»

ከሰው መሀል ጉርምርምታ ተነሣ። ሸጌ ካቡን ያዝ አደረገች።

ለሌላው ሰው መንገድ ማለት እህል መሸጫ፣ ማዳበሪያ ማምጫ ነው። ለእሷ ግን በዚህ ሰሞን መንገድ ማለት ልጇ ፍቅርአዲስ ነበረች። የፍቅርአዲስ ባል ለጉልበት ሥራ ኮምቦልቻ ከወረደ ወዲህ ልጅቱ ከእናቷ ቤት ናት፤ የበኩሯን ልትወልድ የቀራት ጥቂት ሳምንት ነው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዷን ዳብሳ ልጁ አግድም መተኛቱን ነግራቸዋለች። «ሰቆጣ ሆስፒታል አጠገብ የእናቶች ማቆያ አለ፤ አሁኑኑ ትግባ፤ ምጧን እዚያ ትጠብቅ» ብላም ደጋግማ አሳስባለች። ሸጌ አልሆነላትም። ልጇ በማታውቀው ሰው መሀል ተኝታ፣ ትኩስ የሚያቀምሳት ሳይኖር፣ ሌት ብትነቃ ስሟን የሚጠራት ሳይኖር ስታድር ይታያታል። ችካሎቹ ደግሞ ቀድመው ተተክለው ነበር። በአስከተማ በኩል ችካል በተተከለ በሳምንቱ ዶዘር ሲመጣ በዐይኗ አይታለች። ስለዚህ ለልጇ «አይዞሽ፣ አንቺ እስክትደርሺ አምቡላንሱ ከደጃችን ይቆማል» አለቻት። ደጋግማ ስላለችው እሷም አመነችው።

ባለፈው ክረምት የአጥናፉን ሚስት በቃሬዛ ሲያወርዷት ከተከተሉት ሴቶች አንዷ ሸጌ ነበረች። ወንዙ ሞልቶ ወዲህ ማዶ ቆመው ቀሩ። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸጌ ሰማይ ሲያጉረመርም ትደነግጣለች።

ቄስ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የመሪጌታ ትእዛዙ።»

«የሰቆጣው? የድጓው መምህር?»

«አዎ፣ አባታችን።»

«ታዲያ ይህ እንዴት ይጠፋሃል! ከተራ ጧት ታቦቱ የሚወርድበት መንገድ አይጠረግም? ድንጋዩ አይለቀምም? እሾኹ አይነሣም? ያንተ እንጨት መንገዱ መሀል ለመሀል ተገትሯል። ታቦት የተሸከመ ካህን በእንጨት ተደናቅፎ ቢወድቅ ለማን ይነገራል?»

ምንዋጋው ሳቁን የዋጠ ይመስላል።

«እኔ እኮ...» አለ በመጨረሻ፣ «አንፈልግም ብላችሁ መስሎኝ።»

«ማን አንፈልግም አለ! ጠረግን እንጂ አልከለከልን።»

«ሰቆጣም ታቦቱ በአስፋልት ነው የሚሄደው፣ አባታችን።»

«አስፋልት ምን እንቅፋት አለው! አስፋልቱን አምጣውና እኛም እንሄድበታለን።»

ሰው ሳቀ። ከሸጌ ጐን የቆመችው ጎረቤቷ ባንቺ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጣል ስታደርግ ደግሞ ሴቶቹ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ተንፈቀፈቁ።

«ምን አለች?» አለ ምንዋጋው።

«ተወው» አለች ሸጌ።

«ግዴለም፣ ይንገሩኝ።»

«ልጁ ሸጋ ነው፤ እንጨቱ ግን ቀጭን ነው፤ ባንነቅለውም ነፋስ ይነቅለው ነበር አለች።»

ቀያሹ ጆሮው ድረስ ቀላ። ባንቺ ግን አልጨረሰችም፤ አሁን በአማርኛ ቀጠለች። «ከጦርነቱ በፊትም መጥተው ለክተው ነበር። ልኩን ይዘው እንደሄዱ ቀሩ። እስቲ አሁን ደግሞ ያንተን እናያለን።»

«ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ።»

«እኛም ያኔ ወጣት ነበርን።»

ምንዋጋው ቆቡን መልሶ ደፋ። ነጥቦቹ ሁሉ በመለኪያ መሣሪያው ውስጥ ተመዝግበው ስላሉ ቦታው እንዳልጠፋ ነገራቸው። የጠፋው የሕዝቡ ስምምነት እንዳይሆን ነው የፈራው። «እንዲህ እናድርግ» አለ። «ችካሎቹ ይመለሱ። እያንዳንዱ ባለመሬት ከማሳው ጫፍ ቆሞ የራሱን ችካል በእጁ ይያዝ፤ ልጆቹ ይመታሉ፤ እኔ ፎቶ አነሣለሁ። ያኔ ሕዝቡ ነቀለ የሚል ቢኖር፣ ሕዝቡ ተከለ የሚል ማስረጃ ይኖረኛል።»

«የሚመጣው ከተራስ?» አሉ ቄሱ።

«ከመሬት እኩል እስኪሆን ይመታል። አናቱን ቀይ እንቀባዋለን።»

ቄሱ አሰቡ። «ከመሬት እኩል ከሆነ ምንጣፍ እናለብሰዋለን። ታቦቱ ያልፍበታል።»

ችካሎቹ የትም አልተጣሉም ነበር። ሸጌ በከተራ ጧት ስትለቅም ከኩሽናዋ ጥግ ደርድራቸዋለች። የማታ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ካላነበበች አታልፍም፤ ያን ለትም በእያንዳንዱ ችካል ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጮክ ብላ እያነበበች ስታነሣ ሴቶቹ «ተማሪዋ፣ ቶሎ በይ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው!» እያሉ ይተርቧት ነበር። አሁን ሰው እየተቀባበለ አወጣቸው።

ተከላው ከወንዙ ጀምሮ ሽቅብ ሄደ። ገበሬዎቹ ለፎቶ እንደ ሠርግ ሚዜ ቀጥ ብለው እየቆሙ ችካላቸውን ያዙ። አንዳንዱ «ወደ እሱ ትንሽ ጠጋ አድርገው» እያለ የጎረቤቱን ማሳ በዐይኑ ይጠቅስ ነበር፤ ምንዋጋው መሣሪያውን እያሳየ «እሱ አይዋሽም» ይላል። እግረ መንገዳቸውን ችካል የሚጠብቅ የመንገድ ኮሚቴ መረጡ። ደግሰው «ማንበብ የሚችል ጸሐፊ ይግባበት» ቢል ባንቺ የሸጌን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ሸጌ አፈረች፤ ደስም አላት። በሕይወቷ ለምንም ነገር ተመርጣ አታውቅም።

ተራው የእሷ ደረሰ። ከባቄላ ማሳዋ ጫፍ ተንበርክካ ችካሉን በሁለት እጇ ያዘች። ረዳቱ መዶሻውን ሲያነሣ ግን ቀና ብላ ምንዋጋውን አየችው።

«ልጄ፣ ዶዘሩ መቼ ነው የሚመጣው? ከፋሲካ በፊት ይደርሳል?»

ምንዋጋው ስልኩን ከፊቱ አወረደ። «የዘንድሮውን ፋሲካ ነው?»

«አዎ።»

ከጐኗ ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ይኼ የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው። ዘንድሮ የሚሠራው ቅየሳው ነው። በሚመጣው ዓመት የወንዙ ድልድይ ይጀመራል። ድልድዩ ሳይቆም ዶዘር አይሻገርም። ጠጠሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በጀቱ በወቅቱ ከተለቀቀ።»

«የአስከተማውሳ? ችካል በተተከለ በሳምንቱ ነው እኮ የመጣው!»

«የአስከተማው ዕቅድ ከወጣ ስንት ዓመቱ! እርስዎ ያዩት መጨረሻውን ነው።»

ሸጌ እንደተንበረከከች ናት። ሰው ዙሪያዋን ቆሞ ይጠብቃል። ችካሉ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዛት። ደግሰውን አየችው፤ «ዘንድሮ ይጀመራል» ብሎ በስብሰባ የተናገረው እሱ ነው። እሱም ወደ ሌላ ዞረ። አልዋሸም፤ ተጀምሯል። የመንግሥት መጀመርና የእሷ መጀመር ግን አንድ አልነበረም።

«ለዚህ አይደርስም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ለየትኛው?»

«ልጄ ለተሸከመችው።»

ምንዋጋው አንገቱን ደፋ። «ለዚህ አይደርስም። እሱ አድጎ ሚስቱን ወደ ሐኪም ሲወስድ በመኪና ይወስዳታል። ይህን አምናለሁ።»

«ታምናለህ?»

«ባላምን ይህን አቀበት እመላለስበት ነበር?»

ሸጌ የባቄላ ማሳዋን አየች። መንገዱ ሲመጣ ከጫፉ ቆንጥሮ ይወስዳል፤ ካሳውን «እናጣራለን» ብለዋታል። ችካሉን ብትለቀው የሚፈርድባት አልነበረም። እጇን አጠበቀች።

«በል ምታው» አለችው ረዳቱን። «ጣቴን ተጠንቀቅ እንጂ።»

መዶሻው አረፈ። እንጨቱ ከመሬት እኩል እስኪሆን ይዛው ቆየችና ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«መኪናችሁ የት ነው ያለው?»

«ከወንዙ ማዶ።»

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ጤና ኬላው እንደደረስን። ከመምሸቱ በፊት ሰቆጣ መግባት አለብን።»

ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ቤቷ አቀናች።

ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ሰፌድ ከጭኗ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እናቷን ስታይ ሰፌዱን አወረደች።

«ተከሉት?»

«ተከሉት። ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

«የት ልንሄድ?»

«ሰቆጣ። ማቆያው።»

ልጅቱ የሰማችውን ያላመነች ይመስል እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። «አምቡላንሱ ከደጃችን ይቆማል አላልሽም?»

«ይቆማል። አንቺ ግን አትጠብቂውም።»

«እማ፣ አዋላጇ ስትነግርሽ ስንቴ ነው እምቢ ያልሽ! እኔ ልሂድ ስልሽ አልቅሰሽ አስቀረሽኝ።»

«አልቅሻለሁ። አሁን አላለቅስም።» ሸጌ ከመደቡ ሥር ጀንዲውን፣ የቆዳ ምንጣፉን አነሣች፤ የበሶውን ቋጠሮ፣ የሽሮውንና የበርበሬውን ዕቃ ማውጣት ጀመረች። አፏም አልቆመም። «ዛሬ በእግርሽ ትወርጃለሽ። ቀስ እያልሽ፣ እያረፍሽ። ምጥ ከያዘሽ በኋላ በሰው ትከሻ ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሌት ብጠራቸውም ይመጣሉ፤ መንገዱ ግን ያው ነው። የአጥናፉን ሚስት አይቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ፍቅርአዲስ። ድምጿ ቀነሰ። «እዚያ ብቻዬን መሆን ግን እፈራለሁ።»

ሸጌ የሽሮውን ክዳን እያጠበቀች ቀና አለች። ይህን የፈራችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

«ብቻሽን ማን አለሽ?»

«ፍየሎቹስ? ባቄላውስ?»

«ባንቺ አለች አይደል? ጥርሷ ቢበዛም ለፍየል አትሰንፍም።»

ባንቺ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሆና «ሰምቻለሁ!» አለች። «ወተቱን ግን የማልበው እኔ፣ የምጠጣውም እኔ ነኝ!»

«ጠጪው!»

ፍቅርአዲስ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

ቀያሾቹ ከጤና ኬላው ሲመለሱ እናትና ልጅ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ምንዋጋው የፍቅርአዲስን ሆድ፣ የሸጌን ጓዝ፣ ከዚያም ረዳቶቹን ተመለከተ። ሳይነግሩት ገባው።

«ፊት ወንበር ላይ የአንድ ሰው ቦታ አለ» አለ።

«ሁለት ነን» አለች ሸጌ።

ከረዳቶቹ አንዱ የሽሮውን ዕቃ ከእጇ ተቀበለ። «እኛ ከኋላ እንሆናለን፣ እናቴ። ለምደነዋል።»

ደግሰው እየሮጠ ደረሰ። ቁና ቁና ይተነፍሳል። «እት ሸጌ! ኧረ ነገ እኮ ነው ኮሚቴው የሚሰበሰበው! የመጀመሪያው ስብሰባ ነው፤ ጸሐፊ ሆነሽ ተመርጠሽ የት ትሄጃለሽ?»

ሸጌ የልጇን ክንድ በክንዷ ቆልፋ የመጀመሪያውን ድንጋይ በእግሯ ሞከረች፤ እንደማይነቃነቅ ካየች በኋላ ፍቅርአዲስን አስረገጠቻት።

«የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው ተብሏል እኮ» አለች ዞር ሳትል። «እኔን አንድ ወር ይጠብቀኝ።»