ያልተጠራሁበት ድንኳን

ደላላው ቤቱን ለባሌ ለበሪሁን ሲያከራየው «የወንዝ ዳር ቪላ ነው» ብሎት ነበር። እኔም ከአዲስ አበባ እስክመጣ ድረስ በስልክ የምሰማው ይህንኑ ነው። ደርሼ በረንዳው ላይ ስወጣ ያየሁት ሰፊ አሸዋ፣ ፍየሎች፣ አሸዋ የሚጭኑ ገልባጭ መኪናዎችና ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል ነበር። ውሃውስ የት አለ ብዬ ደላላውን ጠየቅኩት። ዝናብ ሲዘንብ ይመጣል አለኝ፣ ያለ አንዳች ሀፍረት።

ደግሞ እውነቱን ነው፣ ይመጣል። ሀርጌሳን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው ይህ ደረቅ ወንዝ ከላይ በኩል ሲዘንብ ድንገት ጎማና ግንድ እየገፋ ይወርዳል፤ ግማሽ ቀን ያጓራና ያልቃል። ጎረቤቶቼን በአካል የማያቸው ያን ቀን ብቻ ነበር። ሁሉም ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ይወጣና ቪዲዮ ይቀርፃል። በማግስቱ አሸዋው ይደርቃል፣ ሰውም ወደ ግንቡ ውስጥ ይመለሳል።

በሙያዬ አርክቴክት ነኝ፤ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ከቤት ሆኜ እሠራለሁ። ስለዚህ ቤት አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የሰፈራችንን ቤቶች የሠሯቸው ከለንደንና ከዱባይ የተመለሱ ሰዎች ናቸው፦ ምንም የማይሸከሙ ወፋፍራም ዓምዶች፣ ሰማያዊ መስታወት፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ የግቢ በር። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ግንቡ ነው። ሰው መጀመሪያ ግንቡን ያጥራል፣ ቀጥሎ ቤቱን ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ግንቡ ላይ ይጨምራል። ወንዝ ዳር ተቀምጠን ውሃ በቦቴ እያስመጣን ሣር እናጠጣለን። መኪናው ሲመጣ በሩ በሪሞት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በመኪናቸው ነበር፤ ነጩ ፕራዶ፣ ጥቁሩ ላንድክሩዘር። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስኖር ጎረቤቴ ምን እንደምትጠብስ በሽታው እለይ ነበር።

ማማረሬ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ደስ የሚል አየር አለው፣ ሰላም ነው፣ ልጄን ኬብሮንን የትምህርት ቤት መኪና ከደጃፍ ይወስዳታል። የቤት ሠራተኛዬ ሳምሳም የምትመጣው ዳሚ ከሚባለው የድሆች ሰፈር ነው፤ እዚያ ቤቱ ከቤቱ ተጣብቆ ውሃ በጄሪካን ይቀዳል። እሷ ፊት ሰፈሬን ባማ አብደሻል ትለኛለች። ነገር ግን አንድ ቀን ራሷ ሳምሳም እንደ ዋዛ የነገረችኝ ነገር ክው አደረገኝ። ፊት ለፊታችን ያሉት ሽማግሌ ሞተው፣ በጠዋት ታጥበው፣ ከቀትር በፊት ተቀብረው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እኔ በዚያን ቀን በረንዳው ላይ ሙዚቃ ከፍቼ ፕላን እሥል ነበር። እኛ ዘንድ ጎረቤቱ ሞቶ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሰው አይባልም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብኝ ሀገሩን ለቅቄ እሄዳለሁ ብዬ በሪሁን ላይ ጮህኩበት፣ እሱ የቀበራቸው ይመስል።

ግንብ የምንጋራው አረንጓዴ በር ያለው ቤት የሀይቤ ነው። ሀይቤ ጋአን ሊባህ በሚባለው የከተማው ሰፈር የሲሚንቶና የብረት መደብር አለው። ሚስቱን ዓኒሳን በመኪና መስኮት በኩል አንገቷን ስትነቀንቅልኝ ብቻ ነው የማውቃት። እናቱ አሮጊቷ ሳዶ ደግሞ በሽተኛ ናቸው፤ ሳላቸው ግንቡን አልፎ ይሰማኛል። ሀይቤና ዓኒሳ አያንሌ የሚባል አንድ ልጅም ነበራቸው። የራሱ መኪና ያለው፣ ምንም ያልጎደለው ጎረምሳ ጓደኞቹን ተከትሎ በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ጠፋ። ከዚህ ቤት ሰው ይሰደዳል እንዴ ብዬ ለቀናት መገረሜ አልወጣልኝም ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ወራት አለፉ፤ በሕይወት ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። እናቱ እንቅልፍ የላትም ትለኝ ነበር ሳምሳም።

በሪሁን የሚሠራው ስደተኞችን በሚከታተል አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ነው። የቢሮውን ነገር ቤት አያመጣም፣ እኔም አልጠይቀውም። ድንኳኑ በተተከለበት ሳምንት ዝምታ አብዝቶ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ተውኩት።

አርብ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ከአረንጓዴው በር ውስጥ የቁርአን ድምፅ ይሰማል። በረንዳ ላይ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፣ ጥግ ላይ በግ ይገፈፋል። የሳዶ ሳል ከተሰማኝ ደግሞ ቀናት ሆኖታል። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ሳዶ ሞተዋል። ሳምሳም አርብ አትገባም፤ በሪሁን ኬብሮንን ይዞ በማለዳ ወጥቷል፤ ብደውል አያነሳም። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩና ወጣሁ። ዘበኛችን አዋሌ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ሳልሰማው አለፍኩ።

አረንጓዴው በር ክፍት ነው። እግሬ ግቢውን እንደረገጠ የሀገሬን ሥርዓት አደረስኩ። «ወይኔ ጎረቤቴ! ሳንጠያየቅ! ደጃችሁን ሳልረግጥ!» እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ እናቴም ትዝ አለችኝ፣ የፊት ለፊቱ ሽማግሌም ትዝ አሉኝ፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ቁርአኑ ቆመ። ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ከእኔ በቀር የሚያለቅስ ሰው የለም። በሴቶቹ በኩል ትራስ በተደረገበት ወንበር ላይ የሻይ ብርጭቆ የያዙ አንዲት አሮጊት ትክ ብለው ያዩኛል። ሳዶ ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ የሳቅ ወሬ ይሆን ነበር። ነገር ግን ከሴቶቹ መካከል አንዷ ብድግ አለች። የያዘችው ትሪ ከእጇ ወደቀ። እየተጋፋች መጥታ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቼን ጨበጠች። ዓኒሳ ነበረች።

«መርዶ ነው?» አለችኝ። በአማርኛ። ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ አማርኛው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከግንቡ ወዲህ ሆኜ ከበሪሁን ጋር ስጨቃጨቅ፣ ዓምዷን ሳማ፣ ይህች ሴት ከግንቡ ወዲያ ሆና ትሰማኝ ነበር! ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር ገባኝ።

ባልሽ የሚሠራበትን ቢሮ አውቃለሁ አለች፤ ልጄን አግኝተውታል፣ ንገሪኝ። እኔ የለም፣ ተሳስቼ ነው፣ ያለቀስኩት ለእማማ ሳዶ ነው እላለሁ፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች።

«አቦ አትዋሺኝ» አለች። «እኔ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ነው ያደግኩት። ሐበሻ መርዶ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ይክዳል። የጎረቤታችን የወይዘሮ አስረስ ልጅ የሞተ ጊዜ እናቴም አብራ ክዳለች፤ ሻይ ጠጥተው፣ አሳስቀዋት፣ ከዚያ ነው የነገሯት። አሁን እንዳታስቂኝ። ንገሪኝ።»

ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። ሴቶቹ ከበቡን። ሀይቤ በሶማልኛ እየጮኸ መጣ። ኋላ እንደተረዳሁት ያ ድንኳን አላባሪ የሚሉት ነው፤ በግ ታርዶ፣ ቁርአን ተቀርቶ፣ ክፉው እንዲርቅ ፈጣሪ የሚለመንበት። አባትየው ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ልጄን በሰላም መልስልኝ ሲያስብል፣ እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላ ዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ ገባሁበት። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁና ፊቷን በእጆቼ ያዝኩት። «በልጄ በኬብሮን እምልልሻለሁ» አልኳት። «ስለ አያንሌ የሰማሁት አንዳች ነገር የለም። ካወቅኩ ልጄን አያሳየኝ።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። እውነቴን ነበርና እውነት አየችበት። ትንፋሿ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዞራ ለሴቶቹ በሶማልኛ ነገረቻቸው። ከዚያ ሳዶ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ለእርስዎ ነው ያለቀሰችው ተባሉ መሰለኝ፣ አሮጊቷ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፣ ሀይቤም ሳይቀር። ሳዶ አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝና ዓኒሳን አስተረጎሙ፤ ከቤተሰቤ እንዲህ አድርጎ የሚያለቅስልኝ የለም፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣም እንዳትቀሪ አሉኝ።

ዓኒሳ ሩዝ አቀረበችልኝ፤ የእነሱን እርድ እንደማልበላ ስለምታውቅ ሥጋ ካልነካው ድስት አስወጥታ፣ ከቴምር ጋር። እርስዎ ብዬ ልጀምር ስል ድሬዳዋ አንቱ የለም ብላ ሳቀችብኝ። ለምን አማርኛ እንደምትችል ነግራኝ እንደማታውቅ ጠየቅኳት። አንዴ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ አለችኝ። ልጁ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከባልሽ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ለእሱ ስትል ቀረበችን እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ስለ አያንሌም አወራችኝ። ቤቱን በወንዙ ዳር እንዲሠሩ የወተወተችው እሷ ናት፤ ልጁ አየር እንዲያገኝ። ወንዝ ዳር አድጎ ዋና አያውቅም አለች፤ በየትኛው ውሃ ይልመድ? አስረስ ትል ነበር አለች ደግሞ፣ በስህተት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል። ዛሬ ለልጄ አለቀስሽለት፣ ኢንሻአላህ ይመጣል። እኔም እኛ ሀገርም እንዲሁ ይባላል አልኳት፣ ይባላልና። ስወጣ ቀላል ሆኜ ነበር። እዚያ ሰፈር ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት አገኘሁ።

ከሰዓት በሪሁንና ኬብሮን ሲመለሱ ታሪኩን እየተወንኩ ነገርኳቸው፤ የእኔን አገባብ፣ የሳዶን አስተያየት። ኬብሮን በሳቅ ፈረሰች። በሪሁን አልሳቀም። ልጅቷን ክፍልሽ ግቢ አላትና ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ምን ብለሽ ነው የማልሽላት?» አለኝ።

ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው።

ረቡዕ ዕለት ከቱኒስ ባልደረባው ደውሎለት ነበር። ጀልባ ሰጥማለች። የተረፈ አንድ የሀርጌሳ ልጅ አብረውት የነበሩትን በስም ጠርቷል፤ አያንሌ ሀይቤ፣ አባቱ ሲሚንቶ ነጋዴ፣ ወንዙ ዳር አረንጓዴ በር። ሲሰምጥ በዓይኑ አይቶታል። ነገር ግን ኮንፈርም እስኪደረግ ኮንፊደንሻል ነው፤ እሑድ ከቢሮ ሰዎችና ከአንድ ሼክ ጋር ሆነው በሥርዓቱ ለቤተሰቡ ሊነግሩ ነው። ይህንን ሁሉ ይዞ አጠገቤ ይተኛ ነበር።

ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ብነግርሽ ኖሮ ፊትሽ ይችለው ነበር ወይ አለኝ። አይችለውም፣ ልክ ነው። ታዲያ የማልኩት በልጄ ነው፤ ያቺ ሴት ያመነችኝ በልጄ ነው። አሁኑኑ እንሂድ አልኩ። እሱ እስከ እሑድ አለ፤ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሳይረጋገጥ እንዴት ለእናት ይነገራል? ታዲያ እኔ እስከ እሑድ በየት በኩል ልለፍ፣ በረንዳዬ ላይ እንዴት ልቁም? እንዲህ እየተጨቃጨቅን ድምፃችን ሹክሹክታ ነበር። ከግንቡ ወዲያ አማርኛ እንደሚሰማ አሁን አውቀናል።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሀርጌሳ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጣራ የለም። ዓኒሳ ናት።

አዋሌ ሳይደርስ እኔ ከፈትኩ። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ያለ መኪና። አዲስ ሻሽ አድርጋለች፤ በጨርቅ የተሸፈነ የሐልዋ ሳህን ይዛለች። ስቄ ተቀብያት፣ ሥራ ይዣለሁ ብዬ እመልሳታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ስለ ሳዶ አንድ ነገር እያወራች ነው፤ አማቷ ከሰዓቱን ሁሉ ሲስቁ እንደዋሉ። ከዚያ አቆመች። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። አላለቀስኩም። ከኋላዬ በሪሁን ከቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

ሳህኑን ጎንበስ ብላ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። አልጮኸችም።

«ውሃ ነው?» አለችኝ።

«ውሃ ነው» አልኳት።