የአሥር ዓመት ልጅ የሚጨርሰው መጽሐፍ

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለሰው መጽሐፍ ስትመርጥ ላያት፣ በዓለም ላይ ያላነበበችው ነገር ያለ አይመስልም። «ይሄን ውሰድ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ይከብድሃል፣ ጨክነህ ግፋ» ትላለች። «ይሄኛው ደግሞ መጨረሻው አንጀት ይበላል» ትላለች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ሰዉ «ካታሎግ» የሚል ስም አወጣላት፤ እሷም ስሙን ወዳው ነበር። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበበችው የመጻሕፍቱን ጀርባ ነው። ጀርባውን፣ ማውጫውን፣ ሲመቻት ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲደረድር የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ መጽሐፍ መግለጥ አያሰኘውም፤ ዳቦ ጋጋሪስ መቼ ዳቦ ያምረዋል?

በዚያ ዓመት ተማሪው ሁሉ በምስጢር ጽሑፍ አበደ። ሥራቸው ሆሄ እያቀያየሩ መጻፍ፣ የጓደኛን ኮድ መፍታት፣ በቁጥር የተሞላ ብጣሽ ወረቀት በየጠረጴዛው ጥሎ መሄድ ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይህን አይቶ፣ ስለ ኮድና ስለ ኮድ ፈቺዎች ያሉትን መጻሕፍት ለይታ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ መስመር አስተያየት ጽፋ፣ ሰሌዳው ላይ እንድትለጥፍ አዘዛት። ሰባት አገኘች። ዝርዝሩንም ከምሳ በፊት ጨረሰችው። እንዴት ቢሉ፣ መጻሕፍቱን በውፍረታቸው መዘነቻቸው። ቡናማውን፣ ወፍራሙንና ሥዕል የሌለውን «ለደፋሮች ብቻ» አለችው። ሽፋኑ ላይ ቁልፍ የተሳለበትን ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ አስቀምጣ፣ «ምንም ለማያውቅ ጀማሪ። የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል» ብላ ጻፈችለት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ሰው ቆሞ ያነበዋል።

ቆመው ካነበቡት አንዱ ሰዓት ሠሪው ጋሼ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ሱቃቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት የመስታወት ክፍል ናት። ሰማያዊውን መጽሐፍ ወሰዱ። በሁለት ሳምንቱ መጥተው አሳደሱት። ደግመው አሳደሱት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ካታሎግ ማኅተሟን እየመታች፣

«ምነው ጋሼ፣ የአሥር ዓመት ልጅ በሳምንት የሚጨርሰውን ዓመት ሊያቆዩት ነው እንዴ?» አለቻቸው።

ሰልፈኛው ሳቀ። ጋሼም ሳቁ። መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ፤ እሷም ቀልዷ ስለሠመረላት ደስ ብሏት ዋለች።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ መጽሐፉን ይዛ የመጣችው የጋሼ ልጅ ነበረች። ከአባቷ የአባልነት ካርድ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና፣ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታዎን በምን እንደምንከፍል አላውቅም» አለች።

ካታሎግ ግራ ገባት። ልጅቱም አስረዳቻት። አባቷ ባለፈው ዓመት የአንዱን ደንበኛ ሰዓት ለሌላው አስረክበው ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ እጃቸው ላይ ያለውን ብሎን ወለል ለወለል ሲፈልጉ ውለዋል። እሷና ወንድሟ ሱቁን እንዲዘጉ ሁለት ዓመት ቢለምኗቸው አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ሊፈትኑ ወሰኑ። ለልጅ የተጻፈ አንድ አዲስ ነገር መማር ከቻሉ ጭንቅላታቸው ደህና ነው፣ ይሠራሉ፤ ካልቻሉ አበቃ። ከሰሌዳው ላይ ከሁሉ ቀላል የተባለውን መርጠው ወሰዱ። በስንት ሳምንት፣ ደብተር ሙሉ እየሞከሩ፣ ሦስት ገጽ አላለፉም። ሰሞኑን ደግሞ ቤት ገብተው «ሰው ፊትም ታወቀብኝ» ብለው ቁጭ አሉ። መሣሪያቸውን በካርቶን አሽገዋል። ቅዳሜ የሰዉን ሰዓት መልሰው ሱቁን ይዘጋሉ።

«እኛ ያቃተንን የርስዎ ዝርዝር ጨረሰልን» አለች ልጅቱ ከልቧ ተደስታ፣ እጇንም ጨብጣት ሄደች።

ካታሎግ መጽሐፉን ገለጠችው። ጀርባው ላይ የሠፈረው «አጭርና ግልጽ» የሚል ብቻ ነበር። መቅድሙ ግን መጽሐፉ የተዘጋጀው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ ቢያንስ ሁለት ዓመት ለተማሩ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀመር በቀመር ነው። ፊቷ እስከ አንገቷ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ያደረገችው ነገር ግን ከበፊቱ የባሰ ነበር። ግራ ቀኝ አየችና ዝርዝሩን ከሰሌዳው ላይ ላጠችው። በሌላ ወረቀት ገልብጣ፣ ሰማያዊው ሥር «ለሒሳብ ተማሪዎች» ብላ ለጠፈችው። አሮጌውን ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ለመጣል እንኳ ስላልደፈረች የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው እንደሆኑ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ተደስተዋል፤ እኔ ምን አገባኝ፣ አለች በሆዷ። ሆዷ ግን እሺ አላላትም። በዚያች ሰልፍ ላይ ጋሼ የሳቁት ሳቅ ትዝ ባላት ቁጥር እጇ ሥራ ይፈታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ሐሙስ ቡናማውን፣ ያን «ለደፋሮች ብቻ» ያለችውን፣ ቤቷ ወስዳ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችው። ተረት ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ፍቅረኛሞች ቤተሰብ እንዳያውቅባቸው በሀ ፋንታ ለ፣ በለ ፋንታ ሐ እየጻፉ ይላላካሉ፤ ደራሲው የአንባቢውን እጅ ይዞ፣ ሆሄ እያስቆጠረ፣ ቀስ በቀስ መፍታት ያስተምራል። ዓርብ ወደ ማታ የመጀመሪያውን መልመጃ ራሷ ፈታችው። ደስ ሊላት ሲል ነገ ማን ምን እንደሚዘጋ ትዝ አላትና እርሳሱን አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ስትደርስ ጋሼ በፖስታ የታሸጉ ሰዓቶችን ሲያስረክቡ አገኘቻቸው። ሁለት ደንበኞች ስለነበሩ ደጃፉ ላይ ቆመች። እስኪሄዱ ልትጠብቅ አሰበች፤ ከጠበቀች ግን እግሯ ወደ ቤቷ እንደሚወስዳት ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስህተት ተፈጥሮ ነበር» አለች።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

«ኃላፊው…» ብላ ጀመረች። ምላሷ እንዲህ ሲተሳሰር የመጀመሪያው ነበር። «እኔ ነኝ። መጽሐፉን አላነበብኩትም። ከሰባቱ አንዱንም አላነበብኩም። ስለቀጠነ ቀላል መሰለኝ። የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው፣ ጋሼ፤ እርስዎ ምንም አልሆኑም።»

ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ፖስታውን አስቀመጡ። እሷ ቡናማውን መጽሐፍ መልመጃው ላይ ገልጣ ዘረጋችላቸው። ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ የታሸገውን ካርቶን ቀደው ማጉያ መነጽራቸውን አወጡና በፖስታው ጀርባ ላይ ሆሄ ይቆጥሩ ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው፣ «ድልድዩ አጠገብ እጠብቅሻለሁ» ሲሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

ለአንደኛው ደንበኛ፣ «ሰዓትህን መልስልኝ። ማክሰኞ ና» አሉት። ለሌላኛውም እንደዚያው። ሁለቱም ሰዓታቸውን ትተው ወጡ።

እሷም እግሯን ልታነሣ ስትል፣ «ቆይ እስቲ» አሏት። አሁን ቀና ብለው ነው የሚያዩዋት። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ አንድ መጽሐፍ ሰጥተሽኝ ነበር። እናትሽ ስታርፍ ያጽናናሽ እሱ እንደሆነ ነግረሽኝ። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሚያስለቅሰኝ ቦታ ስደርስ፣ እዚህ ጋ ያቺ ልጅም አልቅሳለች እያልኩ ነው የማልፈው። እሱንስ?»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ» ማለት ትችል ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ የከበደ ነገር ሳትንተባተብ ብላለች። ቢያምኗትም ደስ ይላቸው ነበር።

«ጀርባውን ብቻ» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። እሷ የምትቆምበት ጠፍቷት በሩን ስትይዝ፣ ከደንበኛ ወንበር ላይ ፖስታዎቹን አነሡና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉላት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «ልንገርሽ።»

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩላት። ካታሎግ አንገቷን ደፍታ፣ እንዳጽናናት ስትናገር የኖረችውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።