የዘይቴ ፒስተኖች

የባንዱ ሰዎች «ዘይቴ» ይሉታል። ልቡ ሲሰጋ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ባስ ትራምፔቱን ይፈታል፣ በጣት የሚጫኑትን ፒስተኖቹን ዘይት ይቀባል፣ መልሶ ይገጥማል። ያን ቀንም ከመድረኩ ጀርባ እንደገና ሲፈታው ሚስቱ ትሮምቦኗን ጭኗ ላይ አጋድማ ታየው ነበር።

«እባክህ ተወው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ሊሰክር ነው።»

«የመሃሉ እየያዘብኝ ነው።»

«እሱ ምንም አልሆነ። የሆንክስ አንተ ነህ። አርፈህ ቁጭ በል።»

እንዴት ይረፍ? መሪው ጠዋት ቁርጡን ነግሮታል። «ባስ ትራምፔት ለምትፈልግ ላንዲት ዜማ ብዬ አንድ ሰው ማቆየት ከበደኝ። ድምፁ እንደሆነ ከትሮምቦን አይርቅም፤ ሚስትህን ንፊው ብላት እምቢ አለች። ዛሬ ካማረልህ ትቆያለህ።» ሚስቱ እምቢ ማለቷን የሰማው ያኔ ነው። ደስም አለው፣ አፈረም።

ተጠሩ። ፒስተኖቹን በጥድፊያ ከቶ ክዳናቸውን አጠበቀና ወጣ።

ተራው ደርሶ መሪው በትሩን ሲቀስርበት ዘይቴ አየር ስቦ ነፋ። ድምፅ የለም። ግድግዳ ላይ የነፋ ይመስል ትንፋሹ ጉንጩን ወጥሮ ቀረ። ወዲያው ገባው፤ አንደኛውን ፒስተን በሦስተኛው ቦታ፣ ሦስተኛውን በአንደኛው ከቶ አየሩን ማለፊያ አሳጥቶታል። ቁጥራቸው እላያቸው ላይ ተቀርጿል፤ ጀማሪ እንኳ አይቶ ነው የሚገጥመው። እሱ ግን እጁን አምኖ ማየት ከተወ ቆይቷል።

ሚስቱ ጣቶቹ ክዳኑን ሲፈቱ አየች። ዝም ብትል ባሏ በሰው ፊት ይዋረዳል፤ ብትነፋ የእንጀራ ገመዱ ይበጠሳል። ጨነቃት።

ነፋችው።

ቤት ውስጥ ሲለማመድ ከጓዳ ስትሰማው የኖረችው ዜማ ነው። እሱ በሚተነፍስበት ተነፈሰች፤ እሱ የሚያዘገያትን ድምፅ አዘገየች። ዘይቴ ፒስተኖቹን አስተካክሎ ትራምፔቱን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከመሃል ገብቶ ሊቀበላት ይችል ነበር። ግን ዜማውን ሌላ ሰው ሲነፋው ሰምቶት አያውቅም፤ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አሳርፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከመድረክ ሲወርዱ መሪው «እንግዲህ ዜማው ያንቺ ነው» ብሏት አለፈ።

እንባዋ መጣ። «ምነው ሳትገባ ቀረህ? አስተካክለኸው ነበር፣ አይቼሃለሁ።»

«እየሰማሁሽ ነበራ።» ዘይቱን ከኪሱ አወጣ። «የምትስቢው ቧንቧ ትንሽ ያዝ ያደርግሻል። አምጪው፣ ልቀባልሽ።»