የምድር ቤቷ ፀሐይ

የሥዕል መምህርቷ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ስለ ፀሐይና ስለ ወቅቶች ያስተማረችበት ቀን ከትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልብ አይወጣም። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅም እዚያው ክፍል ነበረች። በትንሽነቷ ሁሉም "ጠብታ" ይሏታል።

መምህርቷ ወረቀቱን አራት ቦታ አሳጠፈችና፣ "በየክፍሉ የአንዱን ወቅት ፀሐይ ሳሉ" አለች። ልጆቹ ክብ ክብ ቢጫ ሳሉ፤ አንዳንዱማ ዓይንና ጥርስ አበቀለላት። ጠብታ ግን በጋው ላይ ረዥም ቢጫ መስመር፣ መፀውና ጸደዩ ላይ አጫጭር መስመር አሰመረች። ክረምቱን ባዶውን ተወችው።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ምድር ቤት ነው። መስኮታቸው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው የሚያየው። ፀሐይ ስትመጣ በጠባቡ ሾልካ ግድግዳው ላይ ትጋደማለች። ጠብታ ጫፏ የት እንደሚደርስ ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ ምልክት ስታደርግ ከርማለች።

"ይሄ ፀሐይ ነው ማስመሪያ?" አለች መምህርቷ፣ ወረቀቱን ለክፍሉ እያሳየች።

ልጆቹ ሳቁ።

"እኛ ቤት እንደዚህ ናት፣ ቲቸር። ክረምት ላይ አትመጣም" አለች ጠብታ ፍርጥም ብላ።

መምህርቷ፣ ልጅቷ የናቀቻት መሰላት። እጇን ጎትታ ሜዳው መሀል አቆመቻት።

"ወደ ፀሐይዋ ቀና በይ። መቶ እስክቆጥር ዓይንሽን እንዳትነቅይ። ከጨፈንሽ ከአንድ እንጀምራለን።"

ጠብታ ሃምሳ ሳይሞላ ጨፈነች። እንደገና ተጀመረ። እናቷ መጥረጊያዋን ተደግፋ ከኮሪደሩ ታያለች፤ ልጅቷም አይታታለች። በሦስተኛው ቆጠራ ጠብታ፣ "ክብ ናት" አለች።

በማግስቱ ጠዋት እናቷን ትክ ብላ አየቻትና፣ "እማዬ፣ ፊትሽ መሀሉ የለም" አለቻት።

ሐኪሙ የዓይኗ ውስጥ መቃጠሉን ነገራቸው። ዳር ዳሩን ታያለች፤ መሀሉ መመለሱን ግን እንጃ አለ።

ርዕሰ መምህሩ ሦስቱንም ቢሮው አስጠራቸው። መምህርቷ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"ልጅቷ ድሮም አታይም ነበር። ፀሐይን እንዲህ አድርጎ የሚስል ጤነኛ ዓይን አለ?"

ርዕሰ መምህሩ ወደ እናትየው ዞረ። "አንቺ፣ እዚያ ነበርሽ አሉ። ሜዳው ላይ ምን አየሽ?"

የእንጀራዋ ነገር ሆነባት።

"እኔ ምንም አላየሁም፣ ጌታዬ። እየጠረግሁ ነበር።"

"ዓይኗስ? ድሮም ደካማ ነበር?"

"ትንሽ... ነበር መሰለኝ።"

ርዕሰ መምህሩ ይህንኑ ጽፎ አስፈረማት።

ሲወጡ ጠብታ በሩ ላይ ቆመች።

"አይተሽኝ አልነበር እንዴ፣ እማዬ?"

"አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ?"

እናትየው እጇን ዘረጋችላት። ጠብታ አልያዘችውም። ግድግዳውን እየዳበሰች ደረጃውን ለብቻዋ ወረደች።