የሰኢዳ ሱቅ በር

ሰው ሁሉ «ሰኢዳ አፈኛ ናት» ይላል። ይበል። አፍ ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አዋሽ ሰባት ላይ ሱቅ ቀርቶ የምቀመጥበት ጥላ አይኖረኝም ነበር። ደግሞ አፌ ብቻ አይደለም፤ እጄም ምን እንደሚችል በሰባ አንድ ዓመተ ምህረት ያየ አይቶታል።

ቤቱን ባሌ ሰላሀዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጃንሆይ ጊዜ የገዛው ከአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ግሪክ ነው። ግሪኩ መኪናውን እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዛት። ለእሷ ብሎ ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ሠራላት፤ በሩም እንደ ሰው በር ወደ ጎን የሚከፈት ሳይሆን ወደ ላይ የሚነሳ ነው። ከበሩ በላይ አግድም የተዘረጋ ብረት አለ፤ በብረቱ ላይ ክንድ የሚያህል ወፍራም ሞላ ተጠምጥሟል። ሞላው ሲወጠር የበሩን ክብደት ይሸከማል፤ ከተፈታ ግን በሩ አምስት ኩንታል ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ መኪና የለንም፣ ክፍሉን ሱቅ አደረግነው። ሰላሀዲን በወባ ሲሞትብኝ ሦስት ልጆች ያሳደግሁት በዚያው ሱቅ ነው።

ታዲያ በግንቦቱ ሙቀት አንድ ጠዋት በሩን ላነሳ ስይዘው ከላይ ድርርር አለና ሞላው እንዳለ ተፈታ። ሞላውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ቡሎኖች ላልተው ኖሯል። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሰላሀዲን በየዓመቱ ግራሶ እየቀባ ቡሎኖቹን ያጠብቃቸው ነበር። እኔ በሩ እስከተከፈተልኝ ድረስ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። እኔማ በጓዳ በኩል በትንሿ በር ሱቁ ውስጥ እገባለሁ፤ ገበያተኛ ግን በጓዳዬ አይመጣ!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይገዙ ያንን ክፍል ካየበት ቀን ጀምሮ ምራቁን ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ወይዘሮ ሰኢዳ፣ ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት የማይሰጥ ሱቅ ትርፍ ቤት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአውራጃ ሰው ይመጣል። እስከዚያ ካልተከፈተ ታሽጎ ለኅብረት ሱቅ ይተላለፋል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በሩ ተበላሸ እንጂ ሱቁ ምን ሆነ? ነገ በላይን ጠርቼ አሠራዋለሁ።»

«ጥሪያ» አለና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ሳስባት ደሜ ይፈላል።

በላይ የምድር ባቡር መካኒክ ነው፤ በአገሩ ላይ ያንን ዓይነት በር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የባቡር መጠገኛው ቤት ውስጥ ሆኖ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ አንድ የአብዮት ጠባቂ ደጃፉ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። በላይ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሂጂ እትዬ ሰኢዳ። እዚህ አትቁሚ» አለኝ።

«እንዴት? የልጆቼን ጉሮሮ ሊዘጉ ነው እኮ!»

«ሂጂ አልኩሽ!»

«ሂድ ወዲያ! ለፈሪ ሜዳ አይነሱም!» ብዬው ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ፣ እየተራገምኩ። ጎረቤቶቼም በሩን በጉልበት እንዲያነሱልኝ ብለምናቸው አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ልጄን አለ። አልፈርድባቸውም፤ የዚያን ጊዜ ሰው ጥላውንም ይፈራ ነበር። እኔ ግን ምን ያስፈራኛል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሊወርሰኝ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሟል።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ያዮ መጣ። ያዮ የአፋር ሽማግሌ ነው፤ ቅቤና ፍየል ለገበያ ሲያመጣ ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚገዛው ከእኔ ነው። በጓዳ በኩል ገብቶ ቁጢጥ አለና ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ዳጉ አለኝ» አለ።

የእኛን አካባቢ ለማያውቅ፣ ዳጉ የአፋር የወግ ሕግ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ የሰማውም ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ይሰማል። በዳጉ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም።

«ያዮ፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም። ሱቄን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ዳጉ አለኝ።» ያልኩትን ጭራሽ ከቁም ነገር አልጣፈውም።

ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ! አሚባራ በኩል ዝናብ ማካፋቱን ነገረኝ። የአማቹ ግመል ጠፍታ መገኘቷን ነገረኝ። አንዲት ሴት መንታ መውለዷን ነገረኝ።

«ወላሂ ያዮ፣ መንታዎቹን አላህ ያሳድግ፤ እባክህ ቶሎ በል!»

«ዳጉ ከመሃል አይጀመርም» አለና ቀጠለ። «ከዚያ ጣቢያው ጋ በላይን አገኘሁ። በላይ እንዲህ አለኝ፦ ለሰኢዳ ንገራት። ይገዙ እጄን ከለከለኝ እንጂ አፌን አልከለከለኝም። በሩን ከታች በሰንሰለት ትሰረው። አንድ አንድ ክንድ የሚሆኑ ሁለት ፌሮዎች ትፈልግ። ከሞላው ጫፍ ያለው ብረት አራት ቀዳዳ አለው። አንዱን ፌሮ ትክተት፣ ወደ ላይ ሩብ ዙር ትግፋ። ሁለተኛውን ፌሮ ሳትከት የመጀመሪያውን እንዳታወጣ፤ ካወጣች ይገድላታል። ሃያ ስምንት ሩብ ስትሞላ ቡሎኖቹን ታጥብቅ፣ ግራሶ ትቀባ።»

ቡሎን ምን እንደሆነ፣ ሞላ ምን እንደሆነ ያዮ አያውቅም። ግን አንዲት ቃል አላጎደለም። እኔ ምን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ? ገና «ግራሶ» ሲል ብድግ ብዬ ፌሮ ፍለጋ ሮጥኩ።

«አላለቀም!» ብሎ ጮኸብኝ። «ሰኢዳ! ዳጉው አላለቀም!»

«በኋላ!» አልኩት። ዳጉን አቋርጦ መሄድ እነሱ ዘንድ ፊት ላይ ከመትፋት አይተናነስም። አውቃለሁ። ግን የባሰብኝ ሰው ነበርኩ።

ፌሮውን ከተጀመረ ግንብ ላይ ቆርጬ አመጣሁ፤ የሰላሀዲንን የቡሎን ቁልፍ ከአልጋ ሥር አወጣሁ። በሩ ተዘግቶ ያ ክፍል እንደ ምድጃ ግሏል። ባዶ በርሜል ላይ ወጥቼ የመጀመሪያውን ሩብ ስገፋ ቀላል ነበር፤ «ይኼው ነው እንዴ?» አልኩ። አሥረኛው ላይ በትከሻዬ ነበር የምገፋው። አሥራ አንደኛው ላይ ላብ ያዳለጠው ፌሮ ከእጄ አምልጦ በጆሮዬ ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳውን ቦደሰው። ደግነቱ ሁለተኛው ተሰክቶ ነበር። ከበርሜሉ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ የይገዙ ፈገግታ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ያ ረቢ፣ ለእሱ አሳልፈህ አትስጠኝ!» ብዬ እጄን በአመድ አሸሁና ተመልሼ ወጣሁ። ለአስር ሰላት ሲጣራ ቡሎኖቹን አጥብቄ ግራሶውን ቀብቼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ይገዙ ሁለት ጠባቂዎችና አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። ከአውራጃ የመጣው ሰው ውባየሁ የሚባል፣ ፊቱ የደከመው ጸሐፊ ነው። ሰፈሩ ከሩቅ ቆሞ ያያል፤ ያዮ ደጄ ፊት ካለው ግራር ሥር ቁጢጥ ብሏል። እኔ ውስጥ ነኝ። ይገዙ «እንደምታየው ጓድ፣ ሱቁ ዝግ ነው» ሲል ሰማሁት። ያኔ ሰንሰለቱን ፈታሁና በሩን በአንድ እጄ ወደ ላይ አነሳሁት።

«እንደምን አደራችሁ» አልኩ። «ምን ልስጣችሁ?»

ይገዙ ፊቱ ጠቆረ። «ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አንቺ? ማን አስተማረሽ?»

ዝም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሰኢዳ ዝም አልኩ፤ ስሙን ብጠራ በላይ አለቀለት። ይገዙ ግን ዙሪያውን ቃኘና ወደ ያዮ ጠቆመ። «ያ ሽማግሌ ትናንት ከጣቢያ ወደዚህ ሲመጣ ታይቷል። ና! በላይ ምን ብሎ ላከህ?»

ያዮ በዳጉ አይዋሽም።

«ከነገርኩህ በሙሉ ነው የምነግርህ» አለ ያዮ።

«በሙሉ! አንድ ቃል እንዳታስቀር!»

ያዮ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝናቡን፣ ግመሏን፣ መንታዎቹን፣ ፌሮውን፣ ሃያ ስምንቱን ሩብ ተናገረ። እኔ የሮጥኩበት ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደኔ ጣል አደረገና ቀጠለ። «በላይ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ ይገዙ ሰኞ ማታ ሞቅ ብሎት ቤቴ መጣ። በሩን ከነካህ ፀረ አብዮት ብዬ አስበላሃለሁ አለኝ። ይገዙ ቀጠለና ኅብረት ሱቅ የምለው ለወረቀቱ ነው፣ ሱቁን የሚይዘው የእህቴ ባል ነው፣ ስኳሩንም አምጥቶ እኔ ቤት ደርድሯል አለኝ።»

«በቃ! ዝም በል!» አለ ይገዙ።

«አላለቀም» አለ ያዮ።

«ይጨርስ እንጂ» አለ ውባየሁ ቀስ ብሎ። «በሙሉ ያልከው አንተ ነህ።»

ያዮ ጨረሰ። የአሥራ ሁለት ጆንያ ስኳር ቁጥር ሳይቀር ተናገረ። ውባየሁ ጀግና ሰው አይመስለኝም፤ ይገዙን አልገሠጸውም፣ ምንም አልጻፈም። ብዕሩን ከደነና «ወረቀቱ የተዘጋ ሱቅ ነው የሚለው። ይኼ ክፍት ነው። መካኒኩም በሩን አልነካም» ብሎ መንገዱን ያዘ።

ይገዙ ብቻውን ቀረ። «ዝጊው!» አለኝ።

«አልዘጋም።»

«ዝጊው አልኩሽ!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እጅ አለህ። ዝጋው።»

ምን እንደሚከተለኝ አጥቼው አይደለም። በዚያው ሳምንት ሰበብ ፈልጎ ዘጠኝ ቀን አሰረኝ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው። ይገዙ እመር ብሎ መያዣውን ያዘና በሩን ቁልቁል አወረደው፤ መሬት አስነክቶ ለቀቀው፤ ጓጉንቸሩን ሊቀበል ወደ ጠባቂው ዞር አለ።

በላይ ሃያ ስምንት ነበር ያለው። እኔ ግን በንዴት ሠላሳ አድርጌው ነበር። የበዛበት ሞላ በሩን መሬት ላይ አያስቀምጠውም፤ በሩ ከይገዙ ጀርባ ሽር ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ጓጉንቸሩን ይዞ ዘወር ቢል በሩ ወደ ላይ ተከፍቷል፣ እኔ ከባንኮኒዬ ኋላ ቆሜያለሁ። ደግሞ ጎትቶ አወረደው፣ በእግሩም ረገጠው። እግሩን ሲያነሳ በሩም ተነሳ።

መጀመሪያ የሳቀው ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው፤ ጠመንጃውን እንደያዘ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወገቤን ያለው ጎረቤቴ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አዋሽ ላይ ሰው በአደባባይ ሲስቅ አልሰማሁም ነበር። ይገዙ ጓጉንቸሩን እንዳንጠለጠለ አንድ በአንድ ተመለከተን።

ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም።